«አፍልታችሁ አጠጡ» ብዬ ነበር

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ታላቁ ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አሳ ይዞልኝ መጣ። በበረዶ የታሸጉ ስድስት ቆሮሶዎችና ክንድ የሚያህል አንድ አምባዛ። ከአዲስ አበባ እስከ አሰበ ተፈሪ (ልጆቹ ጭሮ ነው የሚሉት፤ የእኛ ምላስ ግን አሮጌውን ስም አልለቅ ብሏል) ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሳ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ እኛ ደጋ ሲደርስ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ነው የሚታየው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼ ቢላዬን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ጎረቤቴም ረመዳን ይዛለች፤ ለማፍጠሪያ ሁለቱን ልልክላት በልቤ መድቤ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ ከጎኔ ቆማ «እማማ፣ እነዚህ አሳዎች የት ነበር የሚኖሩት?» አለችኝ። አባቷ ከሳሎን ሆኖ «ሞጆ ላይ ነው የገዛሁት፣ ከቆቃ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ መለሰላት። እጄ ቆመ።

«ምነው እማዬ፣ ተበላሽቷል እንዴ?»

አሳው አልተበላሸም። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ነበር። እጄን ያቆመው የጎረቤቴ ልጅ ነፍሰ ጡር መሆኗ ትዝ ስላለኝ ነው። ከእሷም ጋር ሠላሳ ዓመት ያለፈው አንድ ክረምት ትዝ አለኝ። ስለ ነፍሰ ጡሯ በኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ያንን ክረምት ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም. ከሐረርጌ ውጭ በአንዲት የቆላ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። የከተማዋንም የፋብሪካውንም ስም አልጠራም። ወንዙ ከከተማዋ በላይ በፋብሪካው አጥር ሥር ያልፋል። ከታች ደግሞ እኛ እንቀዳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ከብት እናጠጣለን። ፋብሪካው ፍሳሹን የሚያሳልፍባቸው ሦስት ኩሬዎች ነበሩት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ዝቃጩ እየረጋ ይቀርና ላይኛው ውሃ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ማጣሪያ የሚባለው እሱ ነበር። አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለና የመጨረሻው ኩሬ አፈር ተናደ። ይህን የነገረን የፋብሪካው ዘበኛ ነው፣ ሚስቱን ሊያስመረምር በመጣበት።

ሲነጋ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ደፍቶ፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸት ነበር። አሳው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ዳር ዳሩን ተከምሯል። ልጆች በጆንያ እየለቀሙ ወሰዱት። ያለ መረብ፣ ያለ መንጠቆ የመጣ ሲሳይ ነው፤ ድሃ ሰፈር ውስጥ ማን ይከለክላል? በየቤቱ ተጠበሰ። ለእኔም አንድ ሳህን ተልኮልኝ በልቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒኩ በልጆች ሞላ። የሚያስመልሳቸው አሉ፣ የሚያስቀምጣቸው አሉ፣ አሳ ሲለቅሙ የዋሉት ደግሞ እግራቸውና ክንዳቸው ቀልቶ ያሳክካቸዋል። ኦአርኤስ በጥብጬ ሰጠሁ፣ ቅባት ሰጠሁ፣ እናቶቹንም ጥላ ሥር ሰብስቤ የተማርኩትን አስተማርኩ፤ «ውሃውን አፍልታችሁ አጠጡ» አልኳቸው። በነርስ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ጽፈን ስንት ጊዜ ተፈትነንበታል!

ከእናቶቹ አንዷ እጅግ ጠንቃቃ ነበረች። የስምንት ወር ልጅ አላት። «በደንብ ይፍላ» ስላልኩ ውሃውን ድስት ላይ ጥዳ ግማሹ እስኪጎድል ታፈላዋለች፣ አቀዝቅዛ ለልጇ ታጠጣዋለች። ልጁ ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ «ሲስተር፣ እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ይቅርታ የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች። ልጁን ወደ ሆስፒታል ላክነው፣ ቤተሰቡም ከዚያው ዘመድ ጋ ቀረ ተባለ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ልጁ የታመመው ከዚያ ውሃ ነው ብዬ መማል አልችልም። መማል ያቃተኝ ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት «ተቅማጥ፣ 14» የሚል ብቻ ነው። ስለ አሳው፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ወንዙ ቀለምና ሽታ አንድ መስመር የለበትም። የወረዳው ሳኒቴሪያን መጥቶ ነበር፤ ፋብሪካው ሻይ ጋብዞት፣ ኩሬው እየተጠገነ ነው ብሎት ሸኘው። እሱን መውቀስ አልችልም፤ የእኔን መዝገብ ገልጦ ቢያይ የሚያገኘው በየዓመቱ የሚመጣውን የክረምት ተቅማጥ ነበር።

እንግዲህ ስህተቴ ምን እንደነበር በግልጽ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ ዛሬም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁና። ማፍላት የሚገድለው ነፍስ ያለውን ነው። የኮሌራን፣ የታይፎይድን፣ የአሜባንና የጃርዲያን ተዋሲያን ይፈጃል፤ ለዚህ አሁንም አፍሉ፣ ይህን አንብባችሁ ማፍላት እንዳትተዉብኝ። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪና ጨው ግን ነፍስ የላቸውም። ድስቱ ሲፈላ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ እነሱ ይቀራሉ። ሁለት ሊትሩ ፈልቶ አንድ ሊትር ሲቀር በውሃው ያለው መርዝ እጥፍ ይሆናል። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ያቺ ጠንቃቃ እናት በጥንቃቄዋ መጠን ነበር የጎዳችው፣ በእኔ ምክር። ውሃ አጋርም ቢሆን ክሎሪን ነው፤ ለጀርም እንጂ ለብረት አይሆንም። በነጠላ ማጥለልም ዝቃጩን ያስቀር ይሆናል እንጂ የሟሟውን አይዝም።

ሕፃን ደግሞ እንደ እኛ አይደለም። ጨቅላ ልጅ በቀን በኪሎው ወደ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋል። ስድሳ ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን ሁለት ሊትር ብትጠጣ በኪሎዋ 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአንድ እንስራ ሲጠጡ ልጁ በአካሉ መጠን አራት እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ውሃ ጭራሽ አያስፈልገውም፤ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። አያቶች፣ «ጉሮሮው ይርጠብ» እያልን በማንኪያ የምናቀምሰውን ነገር እናቁም። በሌላ ጊዜም አይጠቅም፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ ይጎዳል።

አሁን ወደ ማጣሪያው ልመለስ። የዛሬ ፋብሪካዎች ማጣሪያ ከነዚያ ሦስት ኩሬዎች የረቀቀ ነው። መጀመሪያ ዝቃጩ ይረጋል፣ ቀጥሎ አሲዱና ኖራው ይመጣጠናል፣ ከዚያ ፍሳሹ ባክቴሪያዎች ወዳሉበት ገንዳ ይገባል። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበሉታል፤ ለመብላት ግን አየር ይፈልጋሉ፣ አየሩንም ቀን ከሌሊት የሚነፋላቸው በመብራት የሚሠራ ሞተር ነው። እናቶች በእርሾ ይገባችኋል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ የፈላ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ይሞታል፣ ሊጥም አይቦካም። ማጣሪያውም መብራት ጠፍቶ አየሩ ከተቋረጠበት፣ ወይም ያልተመጠነ አሲድ ድንገት ከገባበት እርሾው ይሞታል። አዲስ እርሾ እስኪያዝ ሳምንታት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት ፋብሪካው ማምረቱን ከቀጠለ ፍሳሹ የት ይሄዳል? ወንዝ ውስጥ ነዋ።

ስለዚህ ማንኛውም ሰፈር አጠገቡ ፋብሪካ ሲተከል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማጣሪያ አላችሁ ወይ?» ብሎ አይደለም። «አለን» ይሉታል፣ ሪባን ሲቆረጥም ያሳዩታል። ጥያቄው «ማጣሪያው የተበላሸ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ፍሳሹን የምታቆዩበት ትርፍ ገንዳ አላችሁ? ምርት ታቆማላችሁ?» የሚል ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ የማያዘጋጅ ቤት እኛ አገር የለም፤ ፋብሪካ እንዴት አያዘጋጅም? በቬትናም በ2016 (እንደ እኛ 2008) ሚያዝያ ላይ ፎርሞሳ የተባለ የብረት ማቅለጫ የሙከራ ሥራ ላይ እያለ መብራት ተቋረጠበትና ፌኖልና ሳያናይድ ያለበት ፍሳሽ ባሕር ገባ። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን የባሕር ዳርቻ አሳ ሞቶ ተተፋ፤ ኩባንያውም 500 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

አሳው የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ታፍኖ ነው። ቆሻሻው ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። በተለይ ጎህ ሲቀድ፣ አየሩ ከሁሉ በሚያንስበት ሰዓት፣ አሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያጣጥሩ ታያላችሁ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አፍንጫው እንደሚርገበገበው ነው። ሁለተኛው በመርዝ ነው፤ ሰልፋይድ፣ አሞኒያ፣ ከባድ ብረት። ዓሣ አጥማጆች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል በአፈና ጊዜ መጨረሻ ነው የሚሞተው። አምባዛው ከሌሎቹ እኩል ከሞተ ነገሩ የአየር ማጠር ብቻ እንዳይሆን ጠርጥሩ።

የልጄ አሳ ከቆቃ ነው ሲባል የደነገጥኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የተሠራው ለመብራት ነው። ሐይቁን የሚሞላው አዋሽ ግን የአዲስ አበባን እድፍ የተሸከመውን አቃቂን ይቀበላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሞጆ ወንዝ ይገባበታል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በቂ ሳይጣራ ወደ ወንዙ እንደሚለቀቅ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል። ቆዳ ለማልፋት ፀጉሩን በሰልፋይድና በኖራ ያነሣሉ፣ ከዚያ በክሮሚየም ያለፉታል፤ ወንዝ ዳር የሚሸተው የበሰበሰ እንቁላል ከሰልፋይዱ ነው። በ2001 ዓ.ም. አልጀዚራ ስለ ቆቃ ባቀረበው ዘገባ ሐይቁ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰዎች ግን ከዚያው ሲቀዱ ዓለም አይቷል። አረንጓዴው ማይክሮሲስቲስ የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው። ቆሻሻ የበዛበትን ውሃ ይወዳል፣ የሚያመነጨውም መርዝ ጉበት ይጎዳል። ይህንንም ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሲፈላ ፍጥረቱ ይፈነዳና መርዙን ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ከቆቃ በታች አዳማ የመጠጥ ውሃዋን ከአዋሽ ጠልፋ ታጣራለች። ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት፣ አፋር። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የተጣለበት ሁሉ ከአገር አይወጣም።

የሙያ ነገር ስለሆነ ስለ አንድ ሐኪም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በጃፓን ሚናማታ በምትባል ከተማ ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ባሕር ይጥል ነበር። መጀመሪያ አሳው ተንሳፈፈ። ቀጥሎ አሳ የበሉ ድመቶች እየተንገዳገዱ፣ እየተሽከረከሩ ሞቱ። በ1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ሐጂሜ ሆሶካዋ እጅና እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሕፃናት መጥተውበት ለጤና ቢሮ አስታወቀ። በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ለድመት አበላ፤ በመዝገቡ 400ኛዋ ድመት ነበረች፤ እንደ ሰዎቹ ታመመች። ለኩባንያው ነገረ። ኩባንያው አቁም አለው፤ እሱም ዝም አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፋብሪካው አዲስ ማጣሪያ አስመረቀ፣ ፕሬዚዳንቱም በሕዝብ ፊት ከማጣሪያው የወጣ ነው የተባለ ውሃ በብርጭቆ ጠጣ። ያ ማጣሪያ ግን ሜርኩሪውን ለማስወገድ የተሠራ አልነበረም። ፍሳሹ እስከ 1968 ቀጠለ። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ ስለ ድመቷ ለፍርድ ቤት መሰከረ፤ በዚያው ዓመትም አረፈ። በ1973 ፍርድ ቤቱ ለተጎጂዎቹ ፈረደ። የሐኪሙን ታሪክ በጡረታ ዘመኔ ነው ያነበብኩት፤ አንብቤም የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከሚናማታ ለእናቶች የቀረው ትምህርት ይህ ነው። ሜርኩሪው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ፅንሱን ይመታል፤ እናትየው እምብዛም ሳትታመም ልጁ አንጎሉ ተጎድቶ ይወለዳል። ሜርኩሪ ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ ቆዳ በመግፈፍ፣ በመጥበስ አይወጣም፤ የሚበዛውም ሌላ አሳ እየበላ ባረጀ ትልቅ አሳ ላይ ነው። የማይክሮሲስቲስ መርዝ ግን ይበልጡን አንጀትና ጉበት ላይ ይከማቻል፤ ሆድቃውን አውጥቶ መጣል ብዙ ይቀንሳል።

እኛ ሰፈር አሳው ቢሞት ምን እናድርግ? የሞተውንም የሚያጣጥረውንም አሳ ለምግብ አትልቀሙ፣ ለድመትና ለውሻም አትስጡ። ልጆችን ከውሃው አውጡ። የነካቸው ካለ በንጹህ ውሃና ሳሙና እጠቧቸው። ከብቱን ከወንዙ አርቁ። መኢሶ በረሃ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ከፋብሪካው በላይ ካለ ምንጭ ወይም ከቦቴ ማጠጣት እስኪቻል መታገሥ ነው። ለመጠጥ ከወንዙ አትቅዱ፤ የዝናብ ውሃ፣ የላይ ምንጭ፣ የቧንቧ ውሃ ፈልጉ። ወሬውን በመስጊድ ማይክም በቤተ ክርስቲያንም አስነግሩ፤ ከእናንተ በታች ያለው መንደር ገና አልሰማም፣ ውሃው ግን እየሄደለት ነው።

ከዚያ ማስረጃ ያዙ፤ ፍሳሽ ይሄዳል፣ በማግስቱ ወንዙ ጠርቶ ታገኙታላችሁ። ስልክ ያለው የልጅ ልጅ ፎቶ ያንሣ። ንጹህ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ለቅልቃችሁ እስከ አፉ ሙሉት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፋችሁ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ሌላ ጠርሙስ ከፋብሪካው በላይ ካለው ውሃ ቅዱ፤ ሳይነጻጸር አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ገና ሲያጣጥር የተያዘ አሳ በበረዶ ይቀመጥ፤ ሲሸት የቆየ ለምርመራ አይረባም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ «እኔ ተጎድቻለሁ» ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚበክለውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒው ላይ የተቀበለበትን ቀን ማኅተም አስደርጉ፤ ቀኑ ካልታወቀ 30ውን ከየት ትቆጥራላችሁ? ይህን መብት ብዙ የጤና ሠራተኛ እንኳ አያውቀውም። እኔም አላውቀውም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የታመመ ልጅ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችሁ ስትመጣ፣ «ወንዙ ላይ አሳ ሞቷል፣ ልጁ ከዚያ ጠጥቷል» በሉና ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ወረፋ ይበዛል፣ ነርሷ ትቸኩላለች፣ «ተቅማጥ» ብላ ልታልፍ ትችላለች። አትለፏት። እንዲያ ብላ ያለፈችውን አንዷን አውቃታለሁ።

እኛ ጭሮ ምን አገባን የምትሉ አላችሁ። ቡናችንን እንደ ጅማና እንደ ሲዳማ በውሃ ሳይሆን በፀሐይ ስለምናደርቀው የቡና እጥበት ወንዛችንን አያበላሽብንም፤ በዚህ አባቶቻችን ይመስገኑ። ጫቱ ግን አለ። ለወባ ይውል የነበረው ዲዲቲ ጫት ላይ እንደሚረጭ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ የመርጫ ዕቃው የሚታጠበው የት እንደሆነ ደግሞ እናንተም እኔም እናውቃለን። የጨርጨር ተራራ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ነው፤ በሰሜን የወረደው ወደ አዋሽ፣ በደቡብ የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይጓዛል። ለሞጆ የታች ሰዎች ነን እንኳ ባይባል ለመኢሶ የላይ ሰዎች ነን። ምንጫችን ውስጥ አሳ ባይኖር እንቁራሪት አለ፤ ጅራታሞቹ ልጆቿ በክረምት የማይታዩበት ጅረት ካለ እሱም ዝም ብሎ አይደለም።

ስለ ነፍሰ ጡሯ እመለሳለሁ ብያለሁ። አንድ ማዕድ አሳ ሰው አይጥልም፤ የሚጎዳው በየቀኑ ሲደጋገም ነው፣ አሳም ለእርጉዝ የሚመከር ምግብ ነው። የቆሮሶዎቹን ሆድቃ አንድም ሳላስቀር አውጥቼ ጣልኩ፣ አጠብኳቸው፣ ሁለቱን ለጎረቤቴ ላክሁ። አምባዛውን ለነፍሰ ጡር አልላክሁም፤ ሥጋ በል ነው፣ አርጅቷልም፤ እኛ ሽማግሌዎቹ በላነው። ለጎረቤቴ ምክንያቱን ስነግራት «ሲስተር፣ ጡረታ ወጥተሽ አሳ ማከም ጀመርሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። የልጅ ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ቀሪውን ምሽት ስለ 400ኛዋ ድመት ስትጠይቀኝ አመሸች።

በሂርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በመኢሶና በአሰቦት ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ በልጅነታችሁ ከምትዋኙበት ወንዝ ምን ይኖርበት እንደነበር፣ ዛሬስ ምን እንደቀረ ጻፉልኝ። ቦታውንና ዓመቱን ጨምሩበት፤ ደብዳቤዎቹን በዚሁ ዓምድ አወጣቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የመርጫ ዕቃ የት መታጠብና ባዶ ጠርሙሱ የት መቀበር እንዳለበት እጽፋለሁ።